ይጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ እስከ ሃምሳ የሚቆጥር ልጅ አምስት ማንኪያ ማምጣት ለምን ያቅተዋል?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ የተጻፉበት ቦታና ምክንያት የተለያየ ቢሆንም፣ የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊትና በመዋዕለ ሕፃናት ያሉ ልጆች ቁጥርን እንዴት እንደሚማሩ የሚመለከት ነው። ስለዚህ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመት ከሰባት ወሩ ነው። በሰፈራችን በሚገኝ የግል መዋዕለ ሕፃናት ኬጂ 1 ይማራል። ከአንድ እስከ ሃምሳ ሳይሳሳት ስለሚቆጥር እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ቁጠር» እያልን እናስቆጥረዋለን። ባለፈው ሰሞን ግን እራት ሳቀርብ ከጓዳ አምስት ማንኪያ እንዲያመጣልኝ ብልከው እጁ የያዘለትን ሁሉ አፍሶ መጣ። «ቁጠራቸው» ስለው ጣቱን በላያቸው ላይ እያመላለሰ እስከ አሥራ ሦስት ደረሰ፤ ማንኪያዎቹ ስምንት ነበሩ። መምህርቱ ጎበዝ እንደሆነ ትነግረኛለች። ለመሆኑ ልጄ ቁጥር ያውቃል ወይስ አያውቅም? — እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጅዎ የቁጥሮችን ስም በቅደም ተከተል ያውቃል፤ ብዛትን ደግሞ ገና በመማር ላይ ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ ዕውቀት ስለሚመስሉን ነው ግራ የምንጋባው። በቄስ ትምህርት ቤት ሀሁን በዜማ የሚወርድ ተማሪ ሁሉ፣ የኔታ ከመካከል አንዱን ፊደል ነጥለው «ይህ ማነው?» ሲሉት ይመልሳል ማለት እንዳልሆነ ያደጉበት ሰዎች ያውቁታል። የቁጥር ስሞችም እንዲሁ መጀመሪያ የሚያዙት በዜማ ነው፤ ለዚህም ነው ልጆች መካከል ላይ ሲቋረጡ ካቆሙበት ከመቀጠል ይልቅ ከ«አንድ» የሚጀምሩት።

የልጅዎን ጣት በቅርበት ቢመለከቱ ስምንቱ ማንኪያ እንዴት አሥራ ሦስት እንደሆነ ይገባዎታል። አንዳንዱ ልጅ አፉ ከእጁ ይፈጥንና አንድ ማንኪያ ሳይለቅ ሁለት ቁጥር ይጠራል። አንዳንዱ በተቃራኒው አንዱን ቃል ለሁለት ይከፍለዋል፤ «ሰ…» ሲል አንዱን ማንኪያ፣ «…ባት» ሲል ቀጣዩን ይነካል። ዕቃዎቹ ተበታትነው ወይም ክብ ሠርተው ከተቀመጡ ደግሞ የቱን እንደቆጠረ ስለሚጠፋው ተመልሶ የመጀመሪያውን ይደግመዋል። እነዚህ ስህተቶች የስንፍና ምልክት አይደሉም። ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራቸው እንደዘረዘሩት፣ መቁጠር በትክክል ተቆጠረ የሚባለው እያንዳንዱ ዕቃ አንድና አንድ ቁጥር ብቻ ሲደርሰው፣ የቁጥሮቹ ተራ ሳይለዋወጥ ሲጠበቅና የመጨረሻው ቁጥር የጠቅላላው ብዛት መሆኑ ሲታወቅ ነው፤ በዚህም ላይ ማንኛውም ነገር ሊቆጠር እንደሚችልና ቆጠራው ከየትኛው ጫፍ ቢጀመር ውጤቱ እንደማይለወጥ መረዳት ይጨመራል። አዋቂ ይህን ሁሉ ሳያስብ ስለሚያደርገው ለልጅ ስንት ሥራ እንደሆነ ይረሳዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን መረዳት ነው። ልጅዎ አምስት ስኒ በትክክል ከቆጠረ በኋላ «ታዲያ ስንት ሆኑ?» ብለው ይጠይቁት። «አምስት» በማለት ፈንታ እንደገና «አንድ፣ ሁለት…» እያለ ከጀመረ፣ ጥያቄው ለእርሱ «ቁጠር» የሚል ሌላ ትእዛዝ ሆኖበታል ማለት ነው። ተመራማሪዋ ካረን ዊን በ1990 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣቻቸው ጥናቶች ልጆችን ከክምር አሻንጉሊት ውስጥ «አንድ ስጠኝ»፣ «ሦስት ስጠኝ» እያለች በመጠየቅ ዕውቀቱ ደረጃ በደረጃ እንደሚመጣ አሳይታለች። ልጁ በመጀመሪያ አንድን ብቻ አስተካክሎ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ እንደ እርስዎ ልጅ የደረሰበትን ያፍሳል። ከወራት በኋላ ሁለትን፣ ቀጥሎም ሦስትን ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይገለጥለትና መቁጠር የሚችለውን ያህል ሁሉ ቆጥሮ ለመስጠት ይበቃል። ብዙ ልጆች እዚህ የሚደርሱት ወደ አራት ዓመት ገደማ ሲሆን ዘግየት የሚሉም አሉ። እርስዎም ነገ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ማንኪያ እያሉ በየተራ ቢልኩት የት ላይ እንደሚያፍስ ያያሉ፤ መጀመር ያለብዎትም እዚያው ላይ ነው። እስከ ሃምሳ መቁጠሩ በዚህ ውስጥ ብዙ አያግዝዎትም።

ምን ያድርጉ ለሚለው ደግሞ፣ የመጀመሪያው እርምጃ መቁጠር ሳይሆን ማዛመድ ነው። ከአገራችን ቤት የተሻለ የማዛመጃ ክፍል የሚገኝ አይመስለንም። ቡና ሲፈላ፣ ከመቀዳቱና ሙቅ ነገር ከመቅረቡ በፊት፣ ስኒዎቹን ለልጁ ይስጡትና በተቀመጠው ሰው ልክ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ስኒ እንዲያደርስ ይንገሩት። ሲጨርስ «ሁሉም ሰው ደረሰው? የተረፈ ስኒ አለ? ስኒ ያልደረሰው ሰውስ?» ብለው ይጠይቁት። ልጁ አንድም ቁጥር ሳይጠራ ሰዎቹና ስኒዎቹ እኩል መሆን አለመሆናቸውን በዓይኑ ያየዋል። እኩል፣ የበዛ፣ ያነሰ የሚሉት ቃላት ትርጉም የሚያገኙትም በዚህ ጊዜ ነው። ጫማን ከእግር፣ ክዳንን ከድስት፣ ዳቦን ከሰሃን ጋር ማዛመድም ያው ነው።

ይህ ሲለመድ አንድ ትንሽ ለውጥ ያድርጉ፤ ስኒዎቹን ጓዳ አስቀምጠው ልጁን ከሳሎን ይላኩት። አሁን ሰዎቹና ስኒዎቹ አንድ ቦታ ስላልሆኑ እያዩ ማዛመድ አይቻልም። ልጁ የሰዎቹን ብዛት በጭንቅላቱ ይዞ መሄድ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ከቁጥር የተሻለ መያዣ የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ አዋቂን ለማስደሰት የሚባል ዜማ የነበረው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሥራ የሚያገኘው በዚህች አጭር መንገድ ላይ ነው። አንድ ጎድሎበት ቢመጣ «ተሳሳትክ» አይበሉት፤ ያድላቸውና መጉደሉን ራሱ ይየው፣ ተመልሶም የጎደለውን ያምጣ። በሁለት ሰው ይጀምሩ፣ ሲሳካለት ሦስት ያድርጉት፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ አሥራ አምስት ሰው በተቀመጠበት ቀን ባይሞክሩት ይሻላል።

እርስዎ አብረውት ሲቆጥሩ ዕቃዎቹን በአንድ መስመር ይደርድሩ፣ የተቆጠረውን ወደ ጎን እያራቁ ይቁጠሩ፣ በመጨረሻም ጠቅላላውን በእጅዎ ከብበው እያሳዩ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ አራት ስኒ» ብለው ይዝጉት። ይህቺን መዝጊያ የሚዘነጉ ወላጆችና መምህራን ብዙ ናቸው። እንግዳ ፊት ማስቆጠሩን በተመለከተ ልጁ የሚደሰትበት ከሆነ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን እንግዳው ከሃምሳው ቆጠራ ይልቅ «ሦስት ቆሎ ስጠኝ» ቢለው ስለ ልጁ ዕውቀት የበለጠ ይረዳል።

ጥያቄ፦ በመንግሥት ትምህርት ቤት የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል) መምህርት ነኝ። በክፍሌ ከሃምሳ በላይ ልጆች አሉ፤ ያለኝ መርጃ መሣሪያ ሰሌዳና ጠመኔ ነው። እኩል ብዛት ያላቸውን ቡድኖች በመስመር የማዛመድ መልመጃ በሰሌዳ ላይ ሥዬ ደብተራቸው ላይ እንዲሠሩ አደርጋለሁ። ብዙዎቹ ግን መስመሩን ፊት ለፊት ካገኙት ጋር ያገናኙታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ትልቁን ሥዕል ከትልቁ ጋር ያዛምዳሉ። በሌላ በኩል ወላጆች ደብተሩ በጽሑፍ ካልተሞላ ልጃቸው የተማረ አይመስላቸውም። ምን ትመክሩኛላችሁ? — መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ መምህርት ሆይ፣ የጠቀሷቸው ሁለቱ ስህተቶች ከልጆቹ ይልቅ ስለ መልመጃው ብዙ ይናገራሉ። በመስመር ማዛመድ ከልጁ የሚጠይቀው ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ነው፤ የግራውን ቡድን ቆጥሮ ብዛቱን መያዝ፣ በቀኝ በኩል ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥሮ ማነጻጸር፣ ከዚያም እርሳስን አስተካክሎ መስመር ማስመር። መስመር ማስመሩ ራሱ ለብዙ ልጆች ትግል ስለሆነ፣ እርሳሱ ላይ ሲጨነቁ ቁጥሩን ይረሱታል። ስለዚህ ሥዕሉ የመጨረሻው ደረጃ እንዲሆን፣ መጀመሪያ ልጆቹ በእጃቸው የሚያንቀሳቅሱት ዕቃ እንዲኖር ያስፈልጋል።

ዕቃው ገንዘብ አይጠይቅም። ከሰፈር ሱቆችና ከመጠጥ ቤቶች ቆርኪ ማሰባሰብ ይቻላል፤ ጠርዙ የተጣመመውንና ስለት ያወጣውን ለይተው ይጣሉ፣ የቀረውን በሳሙና ይጠቡ። ለእያንዳንዱ ልጅ አሥር ቆርኪ በትንሽ ከረጢት ቢሰጡት ለዓመት ይበቃዋል። ባቄላና ሽምብራ እጅ ላይ የሚገኙ ቢሆኑም አፍንጫና ጆሮ ውስጥ የሚከቱ፣ ወደ አፋቸው ወስደው የሚታነቁ ልጆች ስላሉ፣ ከሃምሳ ልጅ ጋር ብቻዎን ሆነው ባይጠቀሙባቸው እንመክራለን። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ካርቶን በአንድ በኩል አምስት፣ በሌላው በኩል ስድስት ጉድጓድ ስላለው፣ ባለ አምስት ጉድጓዱን ረድፍ በመቀስ ቆርጠው ቢያከፋፍሉት እያንዳንዱ ልጅ በየጉድጓዱ አንዳንድ ቆርኪ እያስገባ አንድ ለአንድ ማዛመድን ይለማመዳል። ሁለት ረድፍ አንድ ላይ ከቆረጡት ደግሞ አምስት በአምስት የተደረደረ አሥር ይሆናል፤ ሰባትን ለማሳየት አንዱ ረድፍ ሞልቶ በሁለተኛው ሁለት እንዳለ ልጁ በዓይኑ ያያል። ከስድስት እስከ አሥር ያሉትን ቁጥሮች ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ርካሽ መሣሪያ እኛ አላገኘንም።

የገበጣ ጉድጓዶችም ለዚሁ ያገለግላሉ። ጨዋታው ራሱ ለእነዚህ ልጆች ይከብዳል፤ ዝግጅቱ ግን ለእነርሱ የተፈጠረ ይመስላል፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በየጉድጓዱ እኩል ጠጠር መሞላት አለበትና። መሬት ላይ ስድስት ጉድጓድ ቆፍረው «በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ጠጠር አድርጉ፣ ከዚያ አንዳችሁ የሌላችሁን አረጋግጡ» ቢሏቸው እኩል ቡድን መሥራት ማለት ምን እንደሆነ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባቸዋል። ሃምሳውን በአንድ ጊዜ ውጭ ማውጣት ስለሚያስቸግር ግማሹ በሰሌዳ ሥራ ላይ እያለ ቀሪውን በስድስት በስድስት ከፋፍለው ማሠራት ይቻላል።

ወደ ሰሌዳው ሥዕል ስንመለስ፣ ፊት ለፊት ካለው ጋር የሚያገናኙት ልጆች እንዲያስቡ ከተፈለገ መልሱ ፊት ለፊት እንዳይገኝ ማድረግ ብቻ አይበቃም። የቡድኖቹ አቀማመጥና የሥዕሎቹ መጠን መለያየት አለበት። ሦስት ትልልቅ ዝሆን በግራ ካሉ በቀኝ ሦስት ትንንሽ ጤፍ የሚያህሉ ነጥቦችና አምስት ትልልቅ ኳሶች ይኑሩ፤ ልጁ «ትልቅ» እና «ብዙ» የተለያዩ መሆናቸውን የሚማረው እንዲህ ሲጋጩበት ነው። በግራም በቀኝም ማንጎ ስለው ከሆነ ግን ልጁ ማንጎን ከማንጎ ማገናኘቱ ትክክለኛ ግምት ስለሆነ አይወቅሱት። የቡድን መስመር ከመሰመሩ በፊት ከእያንዳንዱ ዝሆን ወደ አንድ ነጥብ ቀጭን መስመር እንዲያሰምሩ ያድርጉ፤ የሚተርፍ ከሌለ እኩል ናቸው፣ የሚተርፍ ካለ የቱ እንደበዛ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል።

ልጆቹን ሲጠይቁ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያጄ ከባልደረባው አሊና ሼሚንስካ ጋር በ1941 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ እኩል የሆኑ ሁለት ረድፎች በልጆች ፊት ተደርድረው አንዱ ረድፍ ሲዘረጋ፣ ትንንሽ ልጆች የተዘረጋው በዛ እንደሚሉ አሳይቷል። ይህ እርስዎም በቆርኪ ሠርተው የሚያዩት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ ጄምስ ማክጋሪግልና ማርጋሬት ዶናልድሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ረድፉን የሚያዛባው አዋቂው ሳይሆን «ባለጌ» የተባለ የድብ አሻንጉሊት ሲሆን እጅግ ብዙ ልጆች እኩል መሆናቸውን በትክክል እንደመለሱ አሳዩ። ልጅ መምህሩ ሆን ብሎ አንድ ነገር ለውጦ ያንኑ ጥያቄ ሲደግምለት «የቅድሙ መልሴ ልክ አልነበረም ማለት ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። በክፍላችንም ልጁ «አራት» ሲል «እርግጠኛ ነህ? ስንት ነው?» ስንለው መልሱን የሚቀይረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መልሱ ልክ በሆነም ባልሆነም ጊዜ «እንዴት አወቅህ? አሳየኝ» ማለትን ልማድ ቢያደርጉት፣ ጥያቄዎ መልሱን አይጠቁምበትም፤ ልጁም ቆርኪውን እየገፋ ሲያሳይ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል።

ወላጆችን በሚመለከት፣ ደብተር መሙላቱን ሙሉ በሙሉ ከመተው ይልቅ መልኩን ይለውጡት። ልጁ አራት ቆርኪ ከደረደረ በኋላ ያንኑ አራት ክብ አድርጎ ይሣልና ከጎኑ 4 ይጻፍ። በገጹ ላይ አንድ መስመር 4444 ከሚደረደር ይልቅ ይህ ለወላጁም ለልጁም ይናገራል። በወላጆች ቀን አንዲት እናት ልጇን «ስድስት ቆርኪ ስጪኝ» ብላ ከፍላጎቷ እንድትጠይቅ ቢያደርጉ ደግሞ ስለ ደብተሩ የሚነሣው ክርክር ግማሹ ይቀራል። ከአምስት በላይ ለመሄድም አይቸኩሉ፤ እስከ አምስት አደላድሎ የያዘ ልጅ ወደ አሥር የሚሄደው ፈጥኖ ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአራት ዓመት ልጃችን በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ ትቆጥራለች፤ በአማርኛ ግን ከአምስት በኋላ ትቀላቅላለች። ባለቤቴ በሁለት ቋንቋ መቁጠር ያደናግራታል ትላለች። በአንዱ ብቻ ብንቀጥል ይሻላል? — አባት

መልስ፦ ወንድማችን፣ አያደናግራትም። ልጅዎ በአንዱ ቋንቋ የመጨረሻው ቁጥር የጠቅላላው ብዛት መሆኑን ከተረዳች ያን መረዳት በሌላው ቋንቋ እንደገና መማር አያስፈልጋትም፤ እንደገና የምትማረው ስሞቹን ብቻ ነው። ስሞች ደግሞ በመደጋገም ይያዛሉ። እንዲያውም አማርኛ ከአሥር በኋላ አንድ ምቾት አለው፤ «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት» ሲባል አሥርና ትርፉ በግልጽ ይሰማል። በእንግሊዝኛ ኢለቨንና ትዌልቭ እንዲህ አይደሉም። ተመራማሪው ኬቪን ሚለርና ባልደረቦቹ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት የአሜሪካና የቻይና ልጆችን ሲያነጻጽር፣ እስከ አሥር ድረስ ብዙም ልዩነት እንዳልነበራቸውና ልዩነቱ የታየው ከአሥር በኋላ መሆኑን አሳይቷል፤ የቻይንኛውም አሠራር እንደ አማርኛው «አሥር አንድ፣ አሥር ሁለት» የሚል ነው። «ሃያ» ሲደርስ ግን ለእኛም ቃሉን እንዲሁ መያዝ ግድ ነው።

ለሁለቱ ቋንቋዎች የተለያየ ጊዜ ቢሰጧቸው ይቀላል። ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ትቁጠር፤ እንጀራ ሲቀርብ፣ የቡና ስኒ ሲደረደር፣ ደረጃ ሲወጣ በአማርኛ ቁጠሩ። መካከል ላይ ሲክስ ብትል «ስድስት» ብለው ቆጠራውን ሳያቋርጡ አብረዋት ይቀጥሉ። ከአያቷ ጋር በስልክ በቪዲዮ ስትገናኝ አያቷ ጣታቸውን እያሳዩ «ስንት ነው?» ቢሏት ደግሞ ሌላ ትምህርት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ኬጂ 3 የሚማረው የልጅ ልጄ ለእያንዳንዱ ነገር ጣቱን ይቆጥራል። እኛ በልጅነታችን እጃችንን ተመትተንበታል። ላስተወው? — አያት፣ ከጎንደር

መልስ፦ አያስተዉት፣ እማማ። ጣት ልጁ የትም የማይረሳው አሥር ዕቃ ነው፤ በየእጁ አምስት ሆኖ መከፈሉም ስድስትን «አምስትና አንድ» ብሎ ለማየት ይረዳዋል። ብዛቱን በጭንቅላቱ መያዝ ሲለምድ ቀስ በቀስ ራሱ ይተወዋል። የሚከለከሉ ልጆች መቁጠራቸውን አያቆሙም፤ እጃቸውን ከጠረጴዛ ሥር ይደብቁና ጣታቸውን ሳያዩ ስለሚቆጥሩ የበለጠ ይሳሳታሉ። ሊያግዙት ከፈለጉ «ሰባት አሳየኝ» ይበሉትና ከአንድ ሳይጀምር አንድ እጁን ሙሉ በአንድ ጊዜ ዘርግቶ ሁለት ሲጨምር ይዩት፤ ገና አንድ በአንድ የሚያነሣ ከሆነ ጥቂት ወራት ይጠብቁት።